ኤሬበስን ያገኛት ማን ነው? ጠላቂው፣ ሶናሩ ወይስ የአገሬው ሰው?

ውሃ_ውስጥ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ቶሮንቶ ነው። ባለፈው ሳምንት የቀዝቃዛ ውሃ ጠለቃ ልማር ቶበርሞሪ ሄጄ ነበር። ሂዩሮን ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ነች፤ ከውሃዋ ሥር የድሮ ዘመን መርከቦች ተኝተዋል። የውሃው ሙቀት 4 ዲግሪ ነበር። ይሄ ሙቀት ከተባለ።

የሚለበሰው ድራይ ሱት የሚሉት ውሃ የማያስገባ ልብስ ነው። ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ይደረባል። እኔ ግን የግራ ጓንቴን አንጓዬ ላይ በደንብ አልዘጋሁትም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አስተማሪው ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለቴም "አዎ፣ ተዘግቷል" ብያለሁ። ገና ስወርድ እንደ ክር የቀጠነች ውሃ ገባች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ነደዱ። አሥር ደቂቃ ሲሆን ማቃጠሉ ቆመ። የሚያስፈራው እሱ ነው። ከውሃ ወጥቼ የመኪናዬን ቁልፍ ከቦርሳዬ ማውጣት አቃተኝ፤ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ነው ያወጣልኝ።

ማታ እጄን ሻይ ብርጭቆ ላይ ጠቅልዬ ስለ ኤሬበስ፣ በ1845 ወደ አርክቲክ ሄዳ ከእህት መርከቧ ከቴረር ጋር ስለጠፋችው የእንግሊዝ መርከብ፣ ማንበብ ጀመርኩ። በ2015 ሚያዝያ ላይ የፓርክስ ካናዳ (የካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት) እና የባህር ኃይሉ ጠላቂዎች ሁለት ሜትር የሚጠጋ በረዶ በመጋዝ ቆርጠው፣ በቀዳዳው ወርደው መርከቧን አይተዋል። የጨው ውሃ ስለሆነ ዜሮ ላይ አይረጋም። ከዜሮ በታች ሆኖም ውሃ ነው! እኔ በ4 ዲግሪ ቁልፍ አቅቶኛል።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ኤሬበስ የተገኘችው በ2014 ነው። ጥልቀቱ 11 ሜትር ብቻ። አራት ፎቅ ቤት ብታስገቡበት ጣሪያው ብቅ ይላል። 129 ሰው የጫኑ ሁለት የጦር መርከቦች እንዴት ከ160 ዓመት በላይ ይጠፋሉ? ደግሞስ አገኛት የሚባለው ማን ነው?


ሳቂታ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡22

እኔን የገረመኝ ቁልፉን ያወጣልህ ሰውዬ መኪናዋን ይዞ አለመሄዱ ነው።


ታሪክ_ወዳድ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይቺን ታሪክ እወዳታለሁ፣ ስለዚህ ታገሱኝ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ኤሬበስና ቴረር በግንቦት 1845 ከእንግሊዝ ተነሱ። መሪው ሰር ጆን ፍራንክሊን ነው፣ የ59 ዓመት ሰው። ሥራው በካናዳ ሰሜን በኩል ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ የሚያሻግር መንገድ ማግኘት ነበር። መርከቦቹ የተደረገላቸውን ብትሰሙ ሙሽሮች ናቸው የምትሉት። አፍንጫቸው በብረት ተለብጧል፣ ከባቡር የተነቀለ የእንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸዋል፣ የሦስት ዓመት ስንቅ፣ ከሺህ በላይ መጽሐፍ፣ የሸክላ ሳህን በየዓይነቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዓሣ ነባሪ አዳኞች አገኟቸው። ከዚያ በኋላ ያያቸው ነጭ ሰው የለም።

ነጭ ሰው ያልኩት አውቄ ነው። እመለስበታለሁ።

በመስከረም 1846 ኪንግ ዊልያም ደሴት አጠገብ በረዶ ያዛቸው። በበጋው ይለቃል ብለው ጠበቁ፤ አልለቀቀም። በ1859 አንድ የፍለጋ ቡድን ደሴቱ ላይ፣ የድንጋይ ክምር ውስጥ፣ አንድ ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ አንድ ነው፣ መልእክቱ ግን ሁለት። መጀመሪያ በግንቦት 1847 የተጻፈው "ሁሉም ደኅና" ይላል። ከዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ወረቀት ላይ ጠርዝ ጠርዙን ዞሮ ሌላ መልእክት ተጻፈበት፦ ፍራንክሊን ሰኔ 11 ቀን 1847 ሞቷል፣ 24 ሰው አልቋል፣ መርከቦቹን ትተናል፣ የቀረነው 105 ሰዎች በእግራችን ወደ ደቡብ ልንሄድ ነው። አንድም ሰው በሕይወት አልተመለሰም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። እንግሊዞች ዕድሜ ልካቸውን ያቺን ወረቀት ሲያገላብጡ ኖሩ። ኢኑዊቶቹ፣ የዚያ በረዷማ አገር ተወላጆች፣ ግን የቀረውን ያውቁት ነበር።


ቡና_ላይ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡11

ይቅርታ፣ 1845 በኛ ስንት ይሆናል?


ታሪክ_ወዳድ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡13

1837። ዘመነ መሳፍንት ነው። ካሣ ገና ቴዎድሮስ አልተባለም።


ሰሜን_ነዋሪ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡40

የሎውናይፍ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ጆአ ሄቨን የምትባለው፣ ለመርከቦቹ ቅርብ የሆነችው የኢኑዊት መንደር ሰዎች በአውሮፕላን በዚህ ያልፋሉ። የመንደሯ ስም ራሱ የመርከብ ስም ነው። አማንድሰን የሚባለው ኖርዌያዊ በ1903 በጆአ መርከብ መጥቶ፣ ስድስት ባልደረቦቹን ይዞ፣ እዚያ ሁለት ክረምት ከርሟል። የአገሬውን ሰው ልብስ ለበሰ። ውሻ መጎተቻ ተማረ። ፍራንክሊን 129 ሰው ይዞ ያቃተውን መንገድ እሱ ሰባት ሆኖ ተሻገረው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ብርዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጥር ላይ 40 ከዜሮ በታች ሲሆን የነዳጅ መክደኛ በባዶ እጅ አይነካም። ቆዳ ይዞ ይቀራል። ስልክ ከኪስ ካወጣህ ሁለት ፎቶ ሳታነሳ ባትሪው ያልቃል። እነዚያ ሰዎች በሱፍ ኮትና በቆዳ ጫማ ጀልባ እየጎተቱ ነበር።


ኢንጂነሩ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን ስሜት አይግባበት። መርከቧን ያገኘው ሶናር፣ በድምፅ ሞገድ ውሃ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ፣ ነው። ፓርክስ ካናዳ ከ2008 ጀምሮ ባህሩን እንደ ሳር እያጨደ ፈልጓል። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ዞራ፣ ከጎኑ ትመለሳለች፤ ከኋላዋ የምትጎትተው ሶናር የባህሩን ወለል ይስላል። አፈ ታሪክ ቢበቃ ኖሮ በ1850ዎቹ ትገኝ ነበር። "አያቴ ነግራኛለች" እና ካርታ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።


ታሪክ_ወዳድ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡15

@ኢንጂነሩ ወንድሜ፣ በ1850ዎቹ ያልተገኘችው ሰው ስላልነገራቸው አይደለም። የነገራቸውን ስለሰደቡት ነው።

ጆን ሬይ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1854 ከኢኑዊቶች ሰምቶ መጣ። ነጮች በረሃብ አልቀዋል፣ መጨረሻ ላይ የጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተዋል ብለውታል። የመርከቦቹን መኮንኖች የብር ማንኪያዎች ሳይቀር ገዝቶ አምጥቷል። ለንደን ተናወጠች። የፍራንክሊን ሚስት ተቆጣች፣ ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም መጽሔቱ ላይ "የአረመኔ ወሬ" በሚል መንፈስ ኢኑዊቶቹን ጭቃ ቀባቸው። አሁን ምን ሆነ? በ1990ዎቹ አጥንቶቹ ሲመረመሩ የቢላ ምልክት ተገኘባቸው። በ2024 ደግሞ ቢላ ያረፈበት አንድ የመንጋጋ አጥንት በዲኤንኤ ተለየ፤ የኤሬበስ ካፒቴን የጄምስ ፊትዝጄምስ ሆነ። ተራ መርከበኛ አይደለም፣ ካፒቴኑ ነው።

መርከቧንም ተናግረዋል። ፑቱራክ የሚባል ሰው በ1879 ለሽዋትካ አሳሽ ቡድን የነገረውን ልብ በሉ። በደቡብ በኩል አንዲት መርከብ በረዶ ይዟት ቆማ አገኙ። ውስጧ እንዴት እንደሚገባ አላወቁም፣ በረዶው እኩል ላይ ጎኗን ቀደው ገቡ። በረዶው ሲቀልጥ በቀደዱት ገብቶ ውሃ ሞላት፣ ሰጠመች፤ የሸራ ምሰሶዋ ከውሃ በላይ ቀረ። እንግዲህ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ ማን ይንገርህ? ምሰሶው ከውሃ በላይ ነበር እያሉህ እኮ ነው! ኤሬበስ የተገኘችው በዚያው በደቡቡ ቀጠና ነው።


ኢንጂነሩ · እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40

የምሰሶዋን ነገር አላውቅም ነበር። እሺ፣ እሱ መረጃ ነው።


ውሃ_ውስጥ · እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ ደግሞ የ2014ቱን አነበብኩ። የሚገርመው ያን ዓመት ዋናው ዕቅድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቪክቶሪያ ሰርጥ ነበር። በረዶ ዘጋባቸው። ሳይወዱ ወደ ደቡብ ወረዱ። በረዶ መርከቦቹን ያዘ፣ ያው በረዶ ፈላጊዎቹን ወደ ኤሬበስ ነዳቸው።

መስከረም 1 ላይ አርኪኦሎጂስቶች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ በሄሊኮፕተር አረፉ። እነሱ አንድ የድንኳን ቦታ ሲለኩ ፓይለቱ ዳር ዳሩን ይንሸራሸር ነበር። ድንጋይ ላይ የተደገፈ የዛገ ብረት አየ። ክንድ የሚያህል ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የቀስት ምልክት አለበት። ከመርከብ ጀልባ ማውረጃ የወጣ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ብረት ማዕበል ሩቅ አይወስደውም፤ ስለዚህ መርከቧ ቅርብ ነች ማለት ነው። በማግስቱ ሶናሩን እዚያ አካባቢ አወረዱት። ስክሪኑ ላይ ኤሬበስ ቁጭ ብላለች።

ስለዚህ @ኢንጂነሩ፣ ሶናር ነው፤ ግን ሶናሩን ወዴት እንደሚወስዱት የነገራቸው ሌላ ሰው ነው። ሉዊ ካሙካክ የሚባል የጆአ ሄቨን ሰው ነበር። ልጅ እያለ ቅድመ አያቱ ባህር ዳር ስላገኙት ዕቃ አጫወቱት። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ሽማግሌ ለሽማግሌ እየዞረ ሲጠይቅ ኖረ። በ2018 አርፏል፤ ሁለቱም መርከቦች ተገኝተው ካየ በኋላ።


ጋሽ_ምጽዋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ በወጣትነቴ የባህር ኃይል አባል ነበርኩ፣ ምጽዋ። ጠላቂ አልነበርኩም፣ ግን ከጠላቂዎቹ ጋር ጀልባ ላይ ብዙ ውያለሁ። አንድ ቀን ከወደቡ የወጣ የእንጨት ምሰሶ አየሁ። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው። አንዱ በእግሩ ሲመታው እንደ ኬክ ተፈረፈረ። ውስጡ የማር እንጀራ ይመስል ነበር። የባህር ትል ነው የሚበላው፤ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ነው የሚቦረቡረው።

እና መርከቡ እንጨት ከሆነ 160 ዓመት እንዴት ቆየ ነው ጥያቄዬ። የኛ ባህር ቢሆን አሥር ዓመት አይሞላውም።


የስቶክሆልሟ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጋሼ፣ መልሱን ራስዎ ነው የነገሩን! ያ ትል ሞቅ ያለ ጨዋማ ውሃ ነው የሚወደው። አርክቲክ ላይ ብርዱ አይመቸውም። እኔ ያለሁበት የባልቲክ ባህር ደግሞ ጨው ስለሚያንሰው አይኖርም። ቫሳ የምትባለው መርከብ በ1628 እዚሁ ከተማው መሃል ሰጠመች፣ በ1961 ወጣች፣ እንጨቷ አብዛኛው አለ። ልጆቼን ይዤ በዓመት አንዴ እሄዳለሁ፣ አሁን ሰልችቷቸዋል። በእንጨቱ ላይ የተቀረጹት አንበሶች ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል።


ጋሽ_ምጽዋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡24

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ሽማግሌ ሆኜ ዛሬ አንድ ነገር ተማርኩ።


ውሃ_ውስጥ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ ትሉ ባይኖርም ማዕበሉ አለ። ኤሬበስ 11 ሜትር ላይ ስለሆነች ከላይ የሚናወጠው ውሃ ይደርስባታል። የላይኛው ወለሏ የተወሰነው ተገልብጧል። ቴረር ግን 24 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ጸጥ ብላለች፣ አብዛኛው የመስኮት መስታወቷ ሳይቀር አልተሰበረም።

ስለዚህ ጠላቂዎቹ የሚሽቀዳደሙት ከኤሬበስ ጋር ነው። በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው ባህሩ የሚከፈትላቸው፣ ነሐሴና መስከረም። በ2018 በረዶው ስላልለቀቀ ያን ያህል ሳይሠሩ ተመለሱ። በ2020 እና 2021 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ጭራሽ አልሄዱም።

ከ2019 ጀምሮ እኔን ያስቀናኝ ነገር አለ። ከላይ ከቆመው ባርጅ (ጠፍጣፋ የሥራ ጀልባ) በቱቦ ሙቅ ውሃ ይላክላቸዋል። ልብሱ ውስጥ ይዞርና ይወጣል። አየሩም በቱቦ ነው የሚመጣው፣ ሲሊንደር ላይ ብቻ አይመኩም። እኔ ሰላሳ ደቂቃ አልሞላሁም፤ እነሱ ሰዓት ዘልለው ይሠራሉ። ደለሉን በቀጭን ቱቦ እየመጠጡ፣ መሳቢያ በመሳቢያ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ350 በላይ ዕቃ አወጡ። የመኮንን የትከሻ ማዕረግ፣ ሳህን፣ ፀጉር ያለበት ብሩሽ፣ የጣት አሻራ የቀረበት የማኅተም ሰም። አሻራ! የሰውዬው ስም ጠፍቶ አሻራው አለ።

በ2022 ደግሞ 275 ዕቃ። ከእነሱ አንዱ የቆዳ ሽፋን ያለው ማኅደር ነው፣ ውስጡ ወረቀት አለው፣ የላባ ብዕር እንደተቀመጠበት። የካፒቴኑ አሳላፊ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው።


ቡና_ላይ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡08

ቆይ፣ ወረቀት ውሃ ውስጥ?


ውሃ_ውስጥ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡12

አዎ። ብርድ፣ ጨለማ፣ ደለሉ ውስጥ ኦክስጅን ጥቂት። የሚያበሰብሰው ነገር ሥራ ይፈታል።


ፈረንጅ_አገር_ያረጀ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ዕቃው የማን ነው ግን? መርከቡ የእንግሊዝ ነው፣ የተገኘው ካናዳ፣ ያሳየው ኢኑዊት።


ታሪክ_ወዳድ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጥሩ ጥያቄ። እንግሊዝ በ2018 መርከቦቹን ለካናዳ በስጦታ አስረከበች። ዕቃዎቹን ካናዳና ኢኑዊቶች በጋራ ነው የሚይዟቸው። በበጋ የኢኑዊት ጠባቂዎች እዚያው ድንኳን ተክለው ይጠብቁታል፤ ያለ ፈቃድ መግባት የለም።


ፈረንጅ_አገር_ያረጀ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡14

የራሷን መርከብ ሰጥታ የኛን የመቅደላን ዕቃ በ"ውሰት" ትበለን?


ሳቂታ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡16

የመቅደላውም መርከብ ቢሰጥም ኖሮ ጥሩ ነበር፣ እናወጣው ነበር።


አወያይ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ወገኖች፣ የመቅደላ ክር ለብቻው አለ፣ 40 ገጽ ደርሷል። እዚህ ወደ በረዶው እንመለስ።


ሰሜን_ነዋሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ቴረርን ረሳችኋት። የእሷ ይበልጣል።

ሳሚ ኮግቪክ የሚባል የጆአ ሄቨን ሰው ከጓደኛው ጋር በበረዶ ሞተር ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ ከበረዶው የቆመ እንጨት አየ። ወፍራም ምሰሶ፣ ባህሩ መሃል። አቅፎት ፎቶ ተነሳ። ወደ ቤት ሲመለስ ካሜራው ጠፋ። ካሜራው የጠፋው ለክፉ ነው አለና ለስድስት ሰባት ዓመት ዝም አለ። እዚህ አገር እነዚያ መርከቦች እርግማን አለባቸው ይባላል፤ የሰው ነገር ስለሆነ አልስቅበትም።

በ2016 ማርቲን በርግማን የምትባል የአሳሽ መርከብ ላይ ተቀጠረ። መርከቧ ወደ ሰሜን እየሄደች ነው፣ ሌሎቹ የሚፈልጉበት ቦታ። እሱ ለአለቃው ነገረው። አለቃው አመነው፣ መርከቧን አዞረ። መስከረም 3 ቀን ሶናሩ ላይ ቴረር ወጣች። የባሕረ ሰላጤው ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቴረር ቤይ። ከድሮ ጀምሮ ካርታው ላይ ስሟ ተጽፎ፣ እሷ ከሥሩ ነበረች።


ኢንጂነሩ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ቴረር ቤይ ውስጥ ቴረር። በቃ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ግን ያ አለቃ ምስጋና ይገባዋል። በረዶው መንገድ እየዘጋ፣ ነዳጅና ቀን እየተቆጠረ፣ በአንድ ሰው ቃል መርከብ ማዞር ቀላል ውሳኔ አይደለም።


ሰሜን_ነዋሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡31

በዚህ እስማማለሁ።


ውሃ_ውስጥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጨምር። በ2019 ትንሽ ሮቦት በገመድ ወደ ቴረር ውስጥ አስገቡ። ሰባት ጊዜ ወርዶ ሃያ ክፍል አየ። ሳህኖቹ መደርደሪያ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ አልጋ። የካፒቴን ክሮዚየር ጠረጴዛ አለ፣ መሳቢያዎቹ ተዘግተው፣ ደለል እንደ አቧራ ተኝቶባቸው። ሮቦቱ ያልገባበት ግን አንድ ክፍል አለ፣ የካፒቴኑ መኝታ። በዚያ ወለል ላይ በሩ ተዘግቶ የተገኘው እሱ ብቻ ነው።

105 ሰው ይዞ በእግሩ የሄደው፣ ያንን ወረቀት ከፊትዝጄምስ ጋር የፈረመው ክሮዚየር ነው። ሲወጣ በሩን ዘጋው? ወይስ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነው የዘጋው?


ቡና_ላይ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡09

ኧረ በሌሊት እንዲህ አይጻፍም።


የስቶክሆልሟ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኩት። "እና ምን ላድርግ?" ብሎ ተኛ።


ጋሽ_ምጽዋ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

መርከበኛ ሲወጣ በር ይዘጋል ልጄ። መርከቡ ቢሰጥምም ይዘጋል፤ እጅ የለመደው ነገር ነው። እኔ እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ እዘጋለሁ፣ ሚስቴ ትናደዳለች። በሩ ከተከፈተ ግን እዚሁ ጻፍልኝ፣ አደራ።


ውሃ_ውስጥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ደግሞ ቶበርሞሪ እመለሳለሁ።


ሳቂታ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡49

ጓንትህን ዝጋ።